ማምሻውን ሬዲዮ የሚያንቀጠቅጠው የሰማይ ጎድጓዳ፤ ኮምፒውተርም የሚሳሳትበት ባዶ ቦታ

ልጅ ሳለሁ ሰቆጣ ዙሪያ በነበረው ቤታችን አራት ድንጋይ የምትበላ አንዲት ሬዲዮ ነበረችን። አጎቴ ማታ ማታ ከራት በፊት የውጭ ጣቢያዎችን የአማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ ይከታተል ስለነበር፣ ድምፁ ሲጠፋ አንቴናውን ይዞ የመቆም ሥራ የእኔ ነበር። በጊዜ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ ፀሐይ ጠልቃ አንድ ሰዓት ያህል ሲያልፍ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ተናጋሪው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። «አያ፣ ድንጋዩ አልቆ ይሆን?» ስለው፣ «ድንጋዩማ ትናንት የገባ ነው፤ ይኼ የሰማዩ ነገር ነው» ይለኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን «ሆን ተብሎ እየታፈነ ነው» ይሉ ነበር። በአገራችን የአየር ሞገድ የታፈነበት ዘመን እንደነበረ አይካድም። ይሁንና ያን የማታ መንቀጥቀጥ በተመለከተ አጎቴ ትክክል እንደነበር ያወቅሁት ፊዚክስ ከተማርኩ በኋላ ነው።

ዛሬ ለአንባብያን ላስረዳ የፈለግሁት ስለዚያ «የሰማይ ነገር» ነው። በተለይም ኮምፒውተር ይህንን ነገር ሲያሰላ የሚገጥመውን አንድ ችግር ላነሳ እወዳለሁ። ነገሩ ከሩቁ ሲታይ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ከእኛ ሰማይ በላይ ያለው ፕላዝማ በትክክል እንዲሰላ ከተፈለገ ከዚህ ችግር ማምለጥ አይቻልም።

ለመሆኑ ከላይ ያለው ምንድን ነው?

ከምድር ወደ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከወጣን በኋላ አየሩ እጅግ ይሳሳል። የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ቅንጣቶች ላይ ኤሌክትሮን እየነጠቀ ይለያያቸዋል። የተነጠቁት ኤሌክትሮኖችና የቀሩት አዮኖች አንድ ላይ ሲሆኑ ፕላዝማ ይባላሉ፤ የሚገኙበት የሰማይ ክፍል ደግሞ አዮኖስፌር ይባላል። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ተነስቶ ዋግ ድረስ የሚመጣው ከዚህ ንብርብር ላይ እየነጠረ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፕላዝማው በሚበረታበት ሰዓት በአንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ። ይህ ቁጥር ጥግግት ይባላል። ብዙ ቢመስልም፣ በዚያው ቦታ ካለው ያልተነካ አየር ጋር ሲነጻጸር ከሺህ አንድ ገደማ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የተለየ ቦታ አላት። የምድር ማግኔት መስመሮች በአብዛኛው ዓለም ወደ መሬት አዘንብለው ሲገቡ፣ በማግኔታዊው የምድር ወገብ ላይ ግን አግድም ተጋድመው ያልፋሉ። ይህ ማግኔታዊ ወገብ ከመልክዓ ምድሩ ወገብ ጋር አይገጥምም፤ በእኛ አገር ላይ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በማድረግ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ሲቋቋም ይህ አቀማመጥ ትልቅ ግምት ተሰጥቶታል። ጣቢያውን ለረጅም ዓመታት የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። አብዛኛው ሰው እኚህን አባት የሚያውቃቸው በመሬት መንቀጥቀጥ ጥናታቸው ቢሆንም፣ የጣቢያው የማግኔት መዝገብ ዛሬም ድረስ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ነው።

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህ ርቀት ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሆነው

ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ፕላዝማ ቶሎ ይጠፋል፤ ኤሌክትሮኖቹና አዮኖቹ መልሰው ይጋጠማሉ። የላይኛው ግን ሌሊቱን ይቆያል። በማግኔታዊው ወገብ አካባቢ ደግሞ ልክ በመሸ ሰዓት የላይኛው ንብርብር ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ይሆናል። ውኃ በዘይት ላይ ቢፈስ ዘይቱ ሰንጥቆት እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከታች ያለው ጭር ያለ ቦታ የላይኛውን ሰንጥቆ እንደ አረፋ ይወጣል። እነዚህን የፕላዝማ አረፋዎች ጎድጓዳ ብንላቸውም ያስኬዳል፤ ውስጣቸው ባዶ ለመሆን ትንሽ የቀረው ነውና። የአንዳንዶቹ ጥግግት ከአካባቢያቸው በሺህ እጅ ያነሰ ሆኖ ተለክቷል።

የነገሩ ምልክት መጀመሪያ የታየው በፔሩ ነው። ቡከርና ዌልስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሁዋንካዮ በተባለ ቦታ በሬዲዮ ሲለኩ የማታው ንብርብር ተበታትኖ እንዳገኙት እ.ኤ.አ. በ1938 ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1956 ደንጄይ የተባለው እንግሊዛዊ ከባድና ቀላል ፈሳሾች ቦታ የሚለዋወጡበት ሕግ መሆኑን ጠቆመ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዉድማንና ላ ሆዝ በፔሩ የሂካማርካ ራዳር አረፋዎቹ ወደ ላይ ሲዘረጉ የሚያሳዩ ምስሎችን አወጡ። በዚያው ዓመት ስካናፒየኮና ኦሳኮ በዋሽንግተን አረፋውን ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር አስመስለው አሳዩ።

አረፋው ክብ ፊኛ አይደለም። የማግኔት መስመሩን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚዘረጋ ረጅም ቦይ ነው። መስመሮቹ ከወገቡ በራቁ ቁጥር ወደ መሬት ስለሚያጎነብሱ፣ በወገቡ ላይ ከፍ ብሎ የወጣ አረፋ ጫፉ ወደ ሩቅ አገር ይደርሳል። በቀላል ስሌት ስሠራው፣ ሰቆጣ አናት ላይ በ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያልፈው መስመር በማግኔታዊው ወገብ ላይ ከፍታው ወደ 335 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በደቡባችን የተፈጠረ አረፋ ሰቆጣ ሰማይ ላይ ለመድረስ ብዙ መውጣት አያስፈልገውም። ያ የሬዲዮ መንቀጥቀጥ የዚህ ውጤት ነበር።

አጭር ሞገድ የሚያዳምጥ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ጉዳዩ ግን ወደ ሳተላይት ተዛውሯል። የጂፒኤስ ምልክት በፕላዝማ ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፤ ከላይ እስከ ታች ባለው የፕላዝማ ዓምድ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮኖች በተጨመሩ ቁጥር ርቀቱ በ16 ሳንቲ ሜትር ይሳሳታል። ሃምሳ እጥፍ ቢሆን 8 ሜትር ነው። ይህን ስህተት ባለ ሁለት ሞገድ መሣሪያ ማረም ይችላል። አረፋ ሲያልፍ ግን ምልክቱ ራሱ ይብለጨለጫል፣ አልፎ አልፎም ተቀባዩ ሳተላይቱን ይጥለዋል። በአገራችን ይህ የሚብሰው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። መሬት የሚለኩ ቀያሾች በቀን ስለሚሠሩ ከዚህኛው ችግር ብዙ ጊዜ ያመልጣሉ። በሌሊት የሚበሩ አውሮፕላኖችና ሌት ተቀን የሚሠሩ ጣቢያዎች ግን አያመልጡም።

ዜሮ አጠገብ ያለው ጣጣ

አረፋው ዛሬ ማታ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ከወጣስ ምን ያህል ይፈጥናል? ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር ሰማዩን በትናንሽ ሳጥኖች ይከፋፍልና በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያለውን ፕላዝማ ይመዘግባል። ከዚያ በአንድ የጊዜ እርምጃ ውስጥ ከየትኛው ሳጥን ወደየትኛው ምን ያህል እንደሚፈስ ያሰላል። ከሰጪው ቀንሶ ለተቀባዩ ይጨምራል። ቀጥሎ ሌላ እርምጃ፣ ከዚያም ሌላ።

ሳጥኖቹን እንደ ጎተራ እንያቸው። አንድ ጎተራ ውስጥ 10 ቁና እህል አለ። ኮምፒውተሩ በእርምጃው መጀመሪያ ላይ ባየው ፍጥነት ተመርቶ «ከዚህ ጎተራ 14 ቁና ይወጣል» ብሎ ያሰላል። ስሌቱ ስለ ጎተራው ባዶነት የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ጎተራው ውስጥ ከዜሮ በታች 4 ቁና ቀረ ይላል። እህል ከዜሮ በታች ሊሆን እንደማይችል ዋግ ውስጥ ያደገ ልጅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ኮምፒውተር ግን ካልተነገረው አያውቅም። በሙሉ ጎተራዎች መካከል ይህ ስህተት አይታይም። የሚታየው ሊያልቅ በተቃረበው ጎተራ ላይ ነው፤ አረፋው ደግሞ ሊያልቅ የተቃረበ ጎተራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ማካፈል ነው። ብዙ ስሌቶች ፍጥነትን የሚያገኙት አንድን መጠን ለጥግግት በማካፈል ነው። የዝናብ ዘገባ የሚከታተል ሰው ተመሳሳይ ነገር አይቶ ይሆናል። የአንድ ደረቅ ወር አማካይ ዝናብ 2 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በአንድ ዓመት 10 ሚሊ ሜትር ቢጥል ዘገባው «ከመደበኛው 500 በመቶ» ይላል። ገበሬው ግን አቧራው እንኳ እንዳልረጠበ ያውቃል። ችግሩ ያለው ከታች ባለው ትንሽ ቁጥር ላይ ነው። በፕላዝማው ስሌትም አካፋዩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ፍጥነቱ ያለ ልክ ይነሳል።

ፍጥነቱ ሲነሳ ሦስተኛ ጣጣ ይመጣል። የጊዜ እርምጃው ፕላዝማው አንድ ሳጥን አቋርጦ ለመሄድ ከሚፈጅበት ጊዜ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ስሌቱ ይፈርሳል። ሳጥኑ 5 ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 500 ሜትር ከሆነ እርምጃው 10 ሰከንድ ሊሆን ይችላል። የአንድ ሰዓት ታሪክ በ360 እርምጃ ያልቃል። በአንዲት ባዶ ሳጥን ምክንያት ፍጥነቱ በሰከንድ 50 ኪሎ ሜትር ሆነ ከተባለ ግን 36,000 እርምጃ ያስፈልጋል። አንዲት ምንም የሌለባት ሳጥን የቀሩትን ሁሉ ታስጠብቃለች።

የኔ ስህተት

ተማሪ ሳለሁ ትንሽ የአረፋ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ ወደ ጎን 100፣ ወደ ላይ 100 ሳጥን ያላት። መጀመሪያ ያስኬድኩት ዕለት ጥቂት መቶ እርምጃ እንደሄደች የአረፋው ዳር ላይ ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮች ታዩ። ከዚያ ፍጥነቱ ተተኮሰ፤ ወዲያው ስክሪኑ በሙሉ ኮምፒውተር «ይህ ቁጥር አይደለም» በሚልበት ምልክት ተሞላ። በዚያ ሌሊት ሁሉም ጀማሪ የሚያደርገውን አደረግሁ። አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ጥግግቱ ከ10,000 ካነሰ 10,000 ይሁን። በሙያው ቋንቋ ይህ ወለል ይባላል። ፕሮግራሙ ሳይሰበር እስከ መጨረሻው ሄደ። አረፋው ተነሳ፣ ተሰነጠቀ፣ ከመጽሐፍ የወጣ ይመስል ነበር። ምስሉን አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የመመረቂያ ጽሑፌንም በእሱ ላይ መሠረትኩ።

ሥራዬን ያዩ አንድ ጎልማሳ መምህር ስለ አረፋው ምንም አላሉም። «ለመሆኑ ስንት አዮን ጨመርክ?» ብቻ አሉኝ። «ኧረ ምንም አልጨመርኩም፣ ጋሼ» አልኩ። «እስቲ ቁጠር» አሉ።

ቆጠርኩ። ሌሊት ነው ብዬ የፀሐይ ጨረር ባላስገባሁበት ሰማይ ውስጥ የፕላዝማው ጠቅላላ ድምር ከመቶ ሰባት ጨምሯል። ወለሉ በእያንዳንዱ እርምጃ ከዜሮ በታች የወረደውን ሳጥን ዝም ብሎ ሲሞላ ነበር። አንድ ሰው ሌሊት ሌሊት እየመጣ በተራቆቱ ጎተራዎች ውስጥ ማንም ያላመረተውን እህል ሲጨምር እንደማለት ነው። በማግስቱ ወለሉን ከ10,000 ወደ 1,000 አወረድኩት። ይኸው አረፋ ይበልጥ ፈጠነ። ወደ 100 ሳወርደው ደግሞ ጨመረ። የኔ አረፋ ፍጥነት የተፈጥሮ ሳይሆን ያችን አንድ መስመር ስጽፍ ከአእምሮዬ ያወጣሁት ቁጥር ነበር። ምስሉን ከግድግዳው ላይ አወረድኩት፤ ምረቃዬም በአንድ ሴሚስተር ተላለፈ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ኦሳኮና ቻቱርቬዲ እ.ኤ.አ. በ1978 ካሳተሙት ሥራ መረዳት ይቻላል። እነሱ የአረፋን ፍጥነት ለሁለት ቀላል ቅርጾች አስልተዋል። አረፋው እንደ ግንድ ክብ ከሆነ፣ ውስጡ ከመቶ 90 ቢጎድልም ከመቶ 99.9 ቢጎድልም ፍጥነቱ ብዙ አይለያይም። እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውስጡ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ የስበት ኃይል ለግጭት ብዛት ሲካፈል ከሚገኘው ፍጥነት 9 እጥፍ፣ ወደ አንድ መቶኛ ሲወርድ 99 እጥፍ፣ ወደ አንድ ሺህኛ ሲወርድ 999 እጥፍ ይሆናል። በ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ አንድ አዮን በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ከአየር ጋር ቢጋጭ፣ መነሻው ፍጥነት በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ነው። በ999 ብናባዛው በሰከንድ 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ የሚለኩት አረፋዎች ግን ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከአንድ መቶ እስከ ጥቂት መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ነው የሚወጡት። የኔ አረፋ ወደ ላይ ሲወጣ እየቀጠነ ወደ ግድግዳነት ይጠጋ ስለነበር፣ የውስጡ ጥግግት ማለትም ወለሉ ነበር ፍጥነቱን የሚወስነው።

መፍትሔዎቹስ?

ወለል ማድረግ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ሥራ የሚሠሩ ትልልቅ ፕሮግራሞችም ወለል አላቸው፤ የሌላቸው ብዙ ጊዜ አይቆዩም። ጥያቄው ወለሉ ስንት ጊዜ ተነካ፣ ምን ያህልስ ጨመረ የሚለው ነው።

አንዳንዶች ጥግግቱን ትተው ሎጋሪዝሙን ያሰላሉ። የሎጋሪዝም ቁጥር ምንም ቢሆን ወደ ጥግግት ሲመለስ ከዜሮ በታች አይሆንም፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ነገር ግን በሎጋሪዝም የሚሠራ ስሌት ከአንዱ የወጣው ለሌላው በትክክል መግባቱን በራሱ አይጠብቅም። ድምሩ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። ለኔ ይህ ወለሉን ከበር አስወጥቶ በመስኮት እንደማስገባት ነው። በሌላ በኩል ማግኔታዊ ሞገድ ባዶ ቦታ ላይ እንዳይተኮስ ብለው በስሌቱ ውስጥ የብርሃንን ፍጥነት የሚያሳንሱ አሉ። ዘዴው የቦሪስ ማስተካከያ ይባላል፤ ከምድር ራቅ ያለውን ሕዋ ለሚያሰሉ ያገለግላል። የብርሃንን ፍጥነት ማሳነስ ድፍረት ቢመስልም፣ ቢያንስ ተነግሮና ታውቆ የሚደረግ ነው።

የተሻለው መንገድ ፍሰቱን መገደብ ነው። ጎተራው 10 ቁና ካለው 14 አይወጣበትም፤ ቢበዛ 10 ይወጣል፣ ተቀባዩም 10 ብቻ ይቀበላል። ድምሩ አይነካም። ይህን በሥርዓት ያደረጉት በዋሽንግተን የባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ የነበሩት ቦሪስና ቡክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1973። ዘዴያቸው ሁለት ስሌት ጎን ለጎን ይሠራል። አንደኛው ፈሪ ነው፤ ከዜሮ በታች ፈጽሞ አይሄድም፣ ግን ሁሉን ነገር ያደበዝዛል፣ የአረፋውን ዳር እንደ ጭጋግ ያደርገዋል። ሁለተኛው ደፋር ነው፤ ዳሩን ጥርት አድርጎ ይጠብቃል፣ ግን ከዜሮ በታች ይዘላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሳጥን በሳጥን እየተመረመረ፣ አዲስ ጉድጓድ ወይም አዲስ ጉብታ እስካልፈጠረ ድረስ ብቻ ወደ ፈሪው ስሌት ይጨመራል። ዛሌሳክ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ዘዴ ከአንድ በላይ አቅጣጫ ለሚፈሱ ነገሮች አስፋፋው። የሚገርመው፣ ዛሌሳክ በዚያው ላቦራቶሪ የሰማይ ፕላዝማን ያሰላ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከኦሳኮ ጋር ሆኖ ያሳተመው ጽሑፍ እነዚህኑ የምድር ወገብ አረፋዎች የሚመለከት ነው። ዛሬ የፍንዳታ፣ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ ስሌቶች የሚጠቀሙበት ዘዴ ከእኛ ዓይነቱ ሰማይ ችግር ጋር አብሮ ያደገ መሆኑን ስረዳ ደስ ብሎኛል።

ፍሰቱ ቢገደብም ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የተፈጥሮ ወለል የለም ወይ? አለ። ሌሊት እንኳን ቢሆን ሰማዩ ፈጽሞ አይጨልምም። ከከዋክብት የሚመጣ ጨረርና በምድር ዙሪያ ካለው የሃይድሮጂን ጋዝ ላይ ተበትኖ የሚመለስ የፀሐይ ጨረር ጥቂት ኤሌክትሮኖችን ያለማቋረጥ ይነጥቃል። በዚህ ምክንያት ጥግግቱ ከተወሰነ መጠን በታች አይወርድም። ከራስ አእምሮ ወለል ከማውጣት ይልቅ ይህንን ደካማ ምንጭ በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሁባና በባልደረቦቹ የቀረበው ሳሚ2 የተባለው የአዮኖስፌር ሞዴል ለምሳሌ የሌሊቱን ጨረር ከስሌቱ ውስጥ አስገብቶታል።

አሁን ያንን 400 ኪሎ ሜትር እናስታውስ። ሰቆጣ አናት ላይ የሚያልፈው የማግኔት መስመር በሁለቱም ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል። 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚደርሰው በግምት በሰሜን ቀይ ባሕር ላይ፣ በደቡብ ደግሞ ኬንያ ላይ ነው። በመስመሩ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ እንደ ሽቦ ስለሚተላለፍ፣ የአረፋውን ፍጥነት የሚወስነው አረፋው ያለበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ የመስመሩ ሙሉ ርዝመት ነው። በጫፎቹ ላይ የቀረው ጥቂት ፕላዝማ ፍሬን ይሆናል። ይህ የጫፍ ፕላዝማ ደግሞ ሌሊት ዜሮ አጠገብ ነው። እዚያ ላይ ወለሉን ከፍ ያደረገ ፕሮግራም ፍሬኑን ያጠብቃል፣ አረፋውንም ያስቀረዋል። ዝቅ ያደረገው ይለቀዋል። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ ሬዲዮ ይንቀጠቀጣል ወይስ አይንቀጠቀጥም የሚለው፣ ከቀይ ባሕርና ከኬንያ በላይ ያለውን ባዶ ለመሆን የቀረበ ቦታ ምን ብለን እንደምናሰላው ይወሰናል።

በእኛ ሰማይ ላይ ማን ይለካል?

የተሳሳተ ወለል የሚጋለጠው ከልኬት ጋር ሲተያይ ነው። በፔሩ ሂካማርካ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ፤ ሞዴሎቹም በአብዛኛው የተፈተኑት በዚያ ነው። በአፍሪካ የመሬት መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008 የመጠቀችውን ሲ/ኖፍስን ጨምሮ ሳተላይቶች ከአፍሪካ በላይ አረፋዎች በብዛት እንደሚታዩ ሲያሳዩ፣ ከታች ሆኖ ያንን የሚያረጋግጥ መሣሪያ እምብዛም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጠቀው ጎልድ የተባለው መሣሪያም የሚያየው አሜሪካንና አትላንቲክን እስከ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ምሥራቅ አፍሪካ ከእይታው ውጭ ናት።

በዚህ ክፍተት ውስጥ የኢትዮጵያውያን ድርሻ ቀላል አይደለም። በውጭ የሚሠሩት ዶክተር እንዳወቅ ይዘንጋው የመሩት አምበር የተባለው የማግኔት መለኪያዎች መረብ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ሲዘረጋ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዱ አዲግራት ነበር፤ ከዋግ ብዙም የማይርቅ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ የሕዋና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ ተቋቁሟል። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በናዝሬት፣ በሮቤ፣ በአሶሳና በአርባ ምንጭ የተተከሉ የጂፒኤስ ተቀባዮች መዝገብም ለአዮኖስፌር ጥናት ውሏል። መሣሪያዎቹ መጀመሪያ የታሰቡት በአብዛኛው ለመሬት ቅርፊት እንቅስቃሴ ነበር፤ ለጂኦሎጂስቱ ስህተት የሆነው የፕላዝማ መዘግየት ለእኛ መረጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ደግሞ የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ማኅበር ስለ ሕዋ ጠባይ ያዘጋጀው የቻፕማን ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል።

እኔም ፕሮግራሜን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። አሁን ፍሰቱ ይገደባል፣ የሌሊቱ ጨረር ገብቷል፣ ወለሉ ግን ለመጠባበቂያ አለ። በየመቶ እርምጃው ሁለት ቁጥሮች እንዲያትም አድርጌዋለሁ፦ ወለሉ ስንት ሳጥን ላይ እንደተነካና ከተነሳንበት ድምር ስንት እንደጨመረ። በቅርቡ ያስኬድኩት ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ለረጅም ጊዜ ዜሮ ሆኖ ቆይቶ፣ አረፋው ሰቆጣን በሚያቋርጠው መስመር ላይ ሲደርስ በሰሜኑ ጫፍ በኩል 3 ሆነ፣ ቆየት ብሎ 11። እዚያ ላይ አቆምኩት። በዚያ ጫፍ ያሉትን ሳጥኖች በግማሽ አሳንሼ ከመጀመሪያው እያስኬድኩት ነው።